ለወንፈል የመጣው ተራራ

የወዳጅ አገር ተራራ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደሴታችን ደረሰ። የተባለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሲደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በጀልባ ከፊቱ እየመሩ የመጡት ሻለቃ ድልነሳሁ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠየቁ። መንገድ ላይ ደመና ይዞት እንደነበር ነገሩን።

ተራራው እስከ ወገቡ ረጥቦ ነበር። ከምሥራቁ ዳርቻ ሃምሳ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ውኃው ውስጥ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። ጥላው የአሥራ ሁለት ቤቶችን ጓሮ ሸፈነ። የእነዚያ ቤቶች ሰዎች ያሰጡትን ልብስ ሰብስበው ወደ ምዕራብ በኩል ወሰዱት።

"ከሩቅ ሲታይ ትልቅ ይመስል ነበር" አሉ አያ ደረበ። በደሴቱ ላይ ከእሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌ የለም።

"ትልቅ ነው እኮ" አሉ ሻለቃው።

"እሱማ ነው። እንዲያው ለነገሩ ያህል ነው።"

እንጎይ ደሴት ናት፤ አገርም ናት። አራት መቶ ስድሳ ሰው፣ ሁለት ወፍጮ፣ አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ጉብታ አላት። ጦሯ ዘጠኝ ሰውና አንድ ከበሮ ነው። የመከላከያ ኃላፊዋ እናቴ ማንያህልሻል ናት። ቢሮዋ ከማጀታችን ቀጥሎ ያለው ክፍል ሲሆን፣ የአገሩ ማኅተም የሚቀመጠው ከጨው ዕቃው አጠገብ ነው።

ተራራው ያስፈለገን በባዶዎቹ መርከቦች ምክንያት ነበር። መርከቦቹ የሚያልፉት በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ለአርባ ቀን ነው። ድሮ በሩቁ ያልፉ ነበር። በምሥራቅ ዳርቻችን ጥግ ማለፍ ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሰው የለባቸውም። ንጹሕ ናቸው፤ መሰላላቸው ሁልጊዜ ወርዶ ነው የሚታየው፤ ውስጣቸው ጠረጴዛ ተዘርግቶ ትኩስ ምግብ ቀርቧል። አንድ ሰው ሰባት እስኪቆጠር ድረስ መርከቡን ካየ፣ ተነሥቶ ይሄድና ይሳፈራል። ማንም አይጎትተውም።

ባለፈው ዓመት ሠላሳ አንድ ሰው ተሳፈረ። አባቴ ከእነዚያ አንዱ ነው። አባቴ ነገር ማወቅ የሚወድ ሰው ነበር፤ እስከ ስንት መቁጠር እንደሚችል ለማወቅ ፈለገ። ጓሮ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲቆጥር እሰማው ነበር። አምስት ሲል ሳህን እያጠብኩ ነበር። ስድስት ሲል በሩን ከፈትኩ። ሰባትን የሰማሁት ከሩቅ ነው።

በጀልባ ግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትገኘው የየብስ አገር ሰልከንም በዚሁ ትቸገር ነበር። ሰልከን ሰፊ ናት፤ ዙሪያዋን ተራራ ነው። የወደቧ ደቡብ በር ግን ክፍት ስለሆነ መርከቦቹ በዚያ በኩል ይታያሉ። ስለዚህ ሰኔ ውስጥ ሻለቃ ድልነሳሁ መጥተው ከእናቴ ጋር ተቀመጡ። እኔ ማጀት ሽንኩርት እልጥ ነበር፤ በሩ ስለማይገጥም ሁሉንም ሰማሁ።

"አንድ ተራራ ልናውሳችሁ እንችላለን" አሉ ሻለቃው። "ወዳጅነት ግን በአንድ ወገን አይቆምም። ከእናንተ ምን እንጠብቅ? ያላችሁ ዘጠኝ ሰውና አንድ ከበሮ ነው።"

"ከበሮው ተቀዷል" አለች እናቴ።

"እንግዲያው ዘጠኝ ሰው ነው።"

"የደቡብ በራችሁ ወርዱ ስንት ክንድ ነው?"

የወረቀት ድምፅ ተሰማ። "ሁለት መቶ አሥር።"

"ከተራሮቻችሁ የትኛው ይገባበታል?"

"ሞክረናል" አሉ ሻለቃው። "ሁሉም ይሰፋሉ። ትንሹን እንኳ ትከሻው አላስገባው አለ። እስከዛሬ ተቀይሞናል።"

"የእኛ ጉብታ ሁለት መቶ ስምንት ክንድ ነው።"

ሻለቃው የሚያሰሉ መሰለኝ።

"ሁለት ክንድ ይቀራል" አሉ።

"እዚያ ላይ ልጄ አንጓች ትቆማለች። ሻርፗን ዘርግታ።"

"ዓይኗስ?"

"ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ነው የምትቆመው። ፊቷ ወደ እናንተ ነው። እናንተን አይታ የተሳፈረ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።"

ሻለቃው ሳቁ። ሲሄዱ እናቴ ማጀት ገብታ ከጎኔ ተቀመጠችና አንድ ሽንኩርት አነሣች። ምንም አልጠየቅኳትም። "የሰው ልጅ ልኬ የራሴን ላስቀምጥ?" አለች።

የስምምነቱን ስም ያወጡት አያ ደረበ ናቸው። "ወንፈል በሉት" አሉ። በሰልከን ወንፈል ስለሌለ ሻለቃው እንዲብራራላቸው ጠየቁ።

"ዛሬ እርስዎ መጥተው የእኔን ማሳ ያርሙልኛል። ነገ እኔ መጥቼ የእርስዎን አርማለሁ። ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት። የመጣውን ምሳ ማብላት የባለቤቱ ነው።"

"ተራራም ይበላል?"

"ከሠራ ይበላል። የሚሠራ ሰው ጾሙን ከዋለ የሚሰደበው ባለቤቱ ነው።"

ይህም ተጻፈ። የተራራው ምሳ በቀን አንድ እንቅብ ንፍሮና አንድ ማድጋ ጠላ እንዲሆን ተወሰነ። የጉብታችንን ምሳ ሰልከኖች እንዲችሉ፣ የአንጓችንም ከዚያው እንዲሆን ተስማሙ። ከተራራው ጋር ስለ ጦር ጉዳይ መነጋገር ክልክል እንደሆነ በመጨረሻው መስመር ላይ ተጨመረ።

ጉብታችን የሄደው ተራራው በመጣ በማግሥቱ ነው። ፍየሎቹን ቀድመን አወረድን። አንዲት ፍየል አልወርድም ብላ ስለነበር አብራ ሄደች። እህቴ አንጓች ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ሸራፋ ነው፤ ልጅ ሳለች የዓሣ አጥንት ስትሰብርበት ነው። በጉብታው ጠርዝ ላይ ቢጫ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጥላ ቆመች።

"ትርንጎ" አለችኝ። "እስክመጣ ድረስ እስቲ ተናገሪ። አፍሽ ሸረሪት ሊያደራበት ነው።"

"እሺ" አልኳት።

"እሺ ብቻ?"

"እሺ።"

"ተዉአት፣ ስትጨርስ ታቆማለች" አለች ለሌሎቹ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጉብታው ከመሬት ሲላቀቅ ሥር ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ውኃው ላይ ወጣና ወደ ምዕራብ ሄደ። የነበረበት ቦታ ክብ ጉድጓድ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ውኃ ሞላው። በሦስተኛው ቀን ዳክዬ ገባበት።

ለተራራው ምሳ የማደርሰው እኔ እንድሆን እናቴ ወሰነች። "ሌላ ሰው ብልክ ያወራዋል" አለች። "አንቺ አታወሪውም።" ስምንተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ተስማማሁ።

በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እንቅቡንና ማድጋውን በታንኳ እወስዳለሁ። ከተራራው ግርጌ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ ከድንጋይዋ በላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት የሚያህል ስንጥቅ አለ። ምግቡን ድንጋይዋ ላይ አስቀምጬ ዞር እላለሁ፤ ሰው ሲበላ ማየት ደግ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ የሚታኘክ ነገር ድምፅ ይሰማል። ስዞር እንቅቡ ባዶ ነው፤ ተወልውሎም ተደፍቶ ይቀመጣል። ማድጋው ውስጥ አተላ እንኳ አይቀርም።

ተራራው ሥራውን በደንብ ይሠራ ነበር። ከደሴቱ ላይ አንድም መርከብ አይታይም። ማለፋቸው የሚታወቀው ከተራራው ወዲያ ወፎቹ በአንድ ጊዜ ዝም ሲሉ ብቻ ነው። በአሥራ ሁለቱ ቤቶች ዶሮዎቹ አርፍደው መጮኽ ስለጀመሩ፣ የእነዚያ ቤቶች ልጆች ሁለት ሰዓት ዘግይተው ትምህርት ቤት እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ከዚህ ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

እኔ ግን ማወቅ የፈለግኩት ነገር ነበር። ተራራው ፊቱን ወደ መርከቦቹ አድርጎ ነው ቀኑን ሙሉ የሚውለው። ሰባት የሚቆጠረው ለእሱም እንደሆነ አያ ደረበን ጠየቅኳቸው። እሳቸውን መጠየቅ አይከብደኝም፤ አንድ ጆሯቸው አይሰማም።

"ተራራ ዓይን የለውም" አሉኝ።

"አፍ አለው።"

"አፍና ዓይን ምን አገናኘው? ዓይነ ስውሯን አክስትሽን አታዪያትም፣ አፏ መች ያርፋል?"

ይህ መልስ አላጠገበኝም። በማግሥቱ ጆሮዬን ስንጥቁ አጠገብ ለጥፌ አዳመጥኩ። ቁጥር አልሰማሁም። የሰማሁት ጠኔ የያዘው ሰው ሆድ የሚያሰማውን ድምፅ ነው። አንድ እንቅብ ንፍሮ ለተራራ እንደማይበቃ ያኔ ገባኝ። ተራራው ለመናገር አፍሮ ነው እንጂ ርቦታል ብዬ አሰብኩ። ሰው ቤት ሄዶ ጨምሩልኝ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ።

እናቴ በየቀኑ የአንጓችን ምሳ ታስቀምጥ ነበር። አንጓች እንደሌለች ታውቃለች። ምግብ ስታወጣ ግን እጇ ሦስት ሳህን ያነሣል፤ ሦስተኛውን ሞልታ፣ ሸፍና፣ መደርደሪያው ላይ ታኖረዋለች። ማታ ሳህኑን ሳታየው ታልፋለች። ለአባቴ አታስቀምጥም፤ መርከቡ ላይ ምግብ እንዳለ ሁሉም ሰው ያውቃል።

ያንን ምሳ መብላት አልቻልኩም፤ መድፋትም አልቻልኩም። ስለዚህ ለተራራው ወሰድኩለት። የመጀመሪያው ቀን የዓሣ ወጥ በዳቦ ነበር። ከንፍሮው ጎን ድንጋይዋ ላይ አስቀመጥኩና ዞር አልኩ። ማኘኩ ከሌላው ቀን ቆየ። ስመለስ ሳህኑ ታጥቦ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላስቀረሁበትም። ምን እንደሆነም እነግረው ጀመር። "ዛሬ ሽሮ ነው" እለዋለሁ። "የአንጓች ነው። ሚጥሚጣ ትወዳለች፤ ያቃጥልሃል።" ይህ የጦር ጉዳይ ስላልሆነ ክልክል አልነበረም።

በአርባኛው ቀን የመጨረሻው መርከብ አለፈ። ወፎቹ ዝም ብለው ቆዩና እንደገና መጮኽ ጀመሩ። በስምምነቱ መሠረት ተራራው በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት መሄድ ነበረበት፤ ጉብታችንም በዚያው ቀን መመለስ ነበረበት። በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት ተራራው እዚያው ነበር። በማግሥቱም ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ምን እንደማደርግ እናቴን ጠየቅኳት፤ "እስካለ ድረስ እንግዳ ነው" አለችኝ። ወሰድኩለት። ሦስተኛውንም ሳህን ወሰድኩ።

አምስት ቀን ጠብቀን እናቴ ደብዳቤ ጻፈች። ሻለቃ ድልነሳሁ የመለኪያ ገመድ ይዘው መጡ። በታንኳ ተራራውን ሲዞሩት ዋሉ፤ ማታ ለእናቴ ነገ ስብሰባ ይጥሩ አሏት።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ግቢ ተደረገ። ያልመጣ ሰው አልነበረም።

"ተራራችን ወፍሯል" አሉ ሻለቃው። "በወገቡ ሠላሳ ክንድ ጨምሯል። ይህ የላክነው ተራራ ለመሆኑ መተማመኛ እፈልጋለሁ።"

"ራሳችሁ ነው የላካችሁት" አለች እናቴ። "እኛ ተራራ ከየት እናመጣለን?"

"ይሁን። እሱ ካልተመለሰ ግን ጉብታችሁን መልቀቅ አልችልም። እኔ በግሌ ክፉ ሰው አይደለሁም። ደንቡ ነው።"

"ልጄስ?"

"ልጅዎ የጉብታው አካል ሆና ነው የተመዘገበችው። ሁለት ክንድ ተብላ።" ሻለቃው ኮፍያቸውን አወለቁ። "ጎበዝ ልጅ ናት፤ አንድም ቀን ሻርፗን አላወረደችም። ነገር ግን የእኛ ምግብ አልተስማማትም መሰለኝ። በጣም ከስታለች። ይህን መናገር ስላለብኝ ነው።"

እናቴ የሻርፕ ጫፍ እንደያዘ ሰው ሁለት እጆቿን ጨብጣ ቆመች። "እስከ መቼ ትቆያለች?" አለች።

"ተራራው እስኪመለስ። መርከቦቹ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይመጣሉ።"

"ስንት ስንት ታበሉት ነበር?" ሲሉ አያ ደረበ ከኋላ ጠየቁ።

"እንደተጻፈው ነው" አለች እናቴ። "አንድ እንቅብ፣ አንድ ማድጋ።"

ያኔ እጄን አወጣሁ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስለሆንን እጅ ማውጣት ያለብኝ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከአራት መቶ ሰው መካከል ድምፄን ሰምተው የማያውቁ ብዙ ነበሩ።

"የአንጓችን ምሳም ይበላ ነበር" አልኩ።

"የትኛውን ምሳ?" አለች እናቴ።

"የምታስቀምጪላትን።"

"ድመቷ ትበላዋለች ብዬ ነበር።"

"ድመቷ ሚጥሚጣ አትበላም።"

"ስንት ቀን?"

"ሁሉንም ቀን። ትናንትም።"

እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። "ይጥመው ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳህኑ ታጥቦ እንደሚመለስ ነገርኳት።

አያ ደረበ እየሳቁ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "እናንተ" አሉ፣ "ለመሆኑ ይህን እንግዳ ያሰናበተው ማን ነው?"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"ቀኑ ተጽፏል እኮ" አሉ ሻለቃው።

"ቀን ሰው አሰናብቶ ያውቃል? ለወንፈል የመጣ ሰው ምሳውን በልቶ 'ይበቃል፣ ጉልበትህ ይባረክ' ሳይባል ይነሣል? ስድብ ነው። አስተዳደጉን የሚያውቅ ተራራ ስለሆነ ነው የቆመው። እኛ ነን ያሳፈርነው።"

ይህን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። ግን ነገሩ በወረቀት ላይ ስለተጻፈ በአፍ መባል እንዳለበት ማንም አላስታወሰም። እናቴ እንኳ ግንባሯን ያዘች።

"ታዲያ ማን ነው የሚያሰናብተው?" አሉ ሻለቃው።

"ያበላው ነዋ። አሰናባችም አስገቢም አንድ አፍ ነው። ጉብታውም ሲመለስ ደጅ ቆሞ 'ግባ' እስኪባል ይጠብቃል፤ ያንንም እሷው ናት የምትለው።" በበትራቸው እኔን አመለከቱ። "የተጨመረለት ደግሞ ጨምሮ ይመልሳል። ወንፈል ነው።"

"ምን ጨምሮ?" አሉ ሻለቃው።

"የተጨመረለትን።"

ሻለቃው ሌላ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን የምሳ ሰዓት ስለደረሰ ሰው መነሣት ጀመረ።

ምሳውን ከሦስተኛው ሳህን ጋር ይዤ ሄድኩ። ሕዝቡ ዳርቻው ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ተራራው እስኪጨርስ ጀርባዬን ሰጥቼ ጠበቅኩ። ከዚያ ዞሬ "ይበቃል" አልኩ። ምንም አልሆነም። ድምፄ ስንጥቁ ድረስ እንኳ አልደረሰም። "በርቺ፣ ውሻ ስታባርሪ የምትጮኺውን ያህል" አለ አንድ ሰው ከዳርቻው። እኔ ውሻ አባርሬ አላውቅም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስል ጥቂት ጠጠር ተንከባለለ። አንጓች ጉብታው ጠርዝ ላይ ቆማ ያለችኝን አስታወስኩ። ሦስተኛውን በሆዴ ያለውን አየር ሁሉ አውጥቼ አልኩት።

"ይበቃል። ሥራው አልቋል። ጉልበትህ ይባረክ። ወደ ቤትህ ግባ።"

ቃሉ ከእኔ ወጥቶ ተራራው ላይ ሲደርስ በእኔው ድምፅ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ ተራራው ቀስ ብሎ ዞረ። ውኃው ታንኳዬን ከፍ አድርጎ ዳርቻው ላይ አስቀመጣት፤ የሰዉንም እግር አራሰ። ሻለቃ ድልነሳሁ "ቀድሞኝ እንዳይደርስ" ብለው ጀልባቸውን አስነሡ። አሥራ ሁለቱ ቤቶች ላይ ፀሐይ ወጣ፤ ዶሮዎቹ በዚያ ሰዓት ጮኹ። ተራራው የነበረበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ብቻዋን ቀረች፤ ድንጋይዋ ላይ እንቅቡ ተደፍቶ ነበር። እንቅቡን ሳነሣው ከሥሩ ሳህኑ የለም። ሳህን ሳይመለስ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። "ወስዶት ይሆናል" አለች። "ምን ያደርግለታል?" አልኳት። አታውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሁላችንም በምዕራብ በኩል፣ ውኃ የሞላው ጉድጓድ አጠገብ ቆመን ጠበቅን። እናቴ በሌሊት ተነሥታ ዳቦ ጋግራ ነበር፤ ገና ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛዋለች። ዳክዬዎቹን ከጉድጓዱ አስወጣናቸው። አራት ሰዓት ላይ አድማሱ ላይ ጥቁር ነገር ታየ። ሰው እልል ሊል ሲል ከጎኑ ሌላ ጥቁር ነገር ታየ።

ሁለት ጉብታዎች እየመጡ ነበር። እኩል ነበሩ። እኩል ይሄዱ ነበር። በሁለቱም ጠርዝ ላይ አንዲት ሴት ልጅ ቆማ ቢጫ ሻርፕ ታውለበልባለች። በሁለቱም ላይ አንዲት ፍየል ነበረች።

አያ ደረበ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ፣ "ጨምሮ ነው የመለሰው" አሉ።

ጉብታዎቹ ከዳርቻው ሠላሳ ክንድ ያህል ሲቀራቸው ጎን ለጎን ቆሙ። አሁን ፊታቸው በደንብ ይታይ ነበር። ሁለቱም አንጓች ነበሩ። ሁለቱም ሲስቁ ጥርሳቸው ሸራፋ ነው። በግራ ያለችው ከስታለች፤ ጉንጯ ገብቷል፤ ክንዷ ሻርፑን ለማንሣት ይከብደዋል። በቀኝ ያለችው በሄደችበት ቀን እንደነበረችው ናት። በየቀኑ ምሳዋን የበላች ሰው ትመስላለች። በሌላኛው እጇ ሳህናችንን ይዛለች።

"ያቺ የከሳችው ናት" አለ ከኋላችን አንድ ሰው። "ሻለቃው ከስታለች ብለው አልነበር?"

"ጉድጓዱ አንድ ነው" አለ ሌላው። "አንዱ ብቻ ነው የሚገባው።"

ሁለቱንም እያየሁ ምን የተለየ ነገር እንዳላቸው ለማወቅ ሞከርኩ። ከክሳቱ በቀር ምንም አላገኘሁም። እናቴ ዳቦውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። መጀመሪያ ግራዋን አየች፤ ከዚያ ቀኟን አየች።

"ከስታ የመጣችው ልጄ ናት" አለች ቀስ ብላ። "ያቺኛዋም የበላችው የእኔን ነው።"

"ትርንጎ" አለችኝ የከሳችው ከውኃው ላይ።

"ትርንጎ" አለችኝ ሌላኛዋ። ድምፃቸው አንድ ነበር። "እስቲ ተናገሪ።"

ሕዝቡ ከእናቴ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ። ፍየሎቹም አዩኝ። ሁለቱ እህቶቼ ሻርፖቻቸውን በአንድ ጊዜ አወረዱና፣ ደጅ ቆሞ 'ግባ' መባልን እንደሚጠብቅ እንግዳ አፌን ማየት ጀመሩ።